ጫንያለው ቀልድ የጀመረ ዕለት

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዋሽ ላይ፣ በሰይድ ቪዲዮ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን።

ሰይድ፣ የቤቱ ባለቤት፣ በሩ ላይ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። ጠብ ቢነሣ የትኛው እግሩ የትኛውን እንደሚከተል ገና አልወሰነም። መላኩ፣ ፊልሙን በማይክ ወደ አማርኛ የሚመልስልን ሰው፣ ምስሉ የሚያርፍበት ነጭ ግድግዳ ሥር ቆሟል፤ ማይኩን እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት እጁ አቅፎታል። ደረጀ፣ የቦቴ ሾፌር፣ መተላለፊያው ላይ ቆሟል፤ እሱ ከቆመበት በኋላ መተላለፊያ አይባልም። ከኋላው ሦስት አግዳሚ ወንበር ሙሉ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር አለ። ያዮ፣ እርሻ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው አፋሩ ጎረቤቴ፣ በግራ በኩል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የከተማው ሰው ከእሱ ጋር ነው። እኔ አልቆምኩም። ከፊት ወንበር፣ ከቬንትሌተሩ ትይዩ ተቀምጬ ነበር።

ጡረታ የወጣች ሴት ቪዲዮ ቤት ምን ትሠራለች የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው፤ ለቬንትሌተሩ ነው። የአዋሽን የግንቦት ሙቀት የማያውቅ አይፍረድብኝ። በግንቦት እኛ ዘንድ ዶሮ እንኳ ጥላ ካገኘች እንቁላሏን ትታ ትሄዳለች። የሰይድ አባት ከእኔ ጋር ባቡር ጣቢያ ነበር የሠራው፤ እሱ ሐዲድ ቀያሪ፣ እኔ ቲኬት ቆራጭ፣ በዚያም ላይ የባቡሩን መምጣትና መሄድ በድምፅ ማጉያ ተናጋሪ። ስለዚህ ሰይድ ባየኝ ቁጥር "እትዬ፣ ይግቡ፤ ትንሽ ነፋስ ይቀበሉ" ይለኛል። እኔም እገባለሁ። ነፋስ ባለበት ቦታ ፊልም ቢታይ የእኔ ጥፋት አይደለም። በጫንያለው ክፍል አንድ ላይ በዚህ ዓይነት አራት ጊዜ ነፋስ ተቀብያለሁ።

ጫንያለው አክተሩ ነው። የውጭ ስሙ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም። በትርጉም ፊልም ልማድ አክተር ሁሉ የአማርኛ ስም ይወጣለታል፤ ለዚህኛው መላኩ ጫንያለው የሚል አወጣለት። ሰውዬው አይበርም፣ መሣሪያ አይዝም፣ ከዓይኑ እሳት አይወጣም። ሥራው መሸከም ብቻ ነው። የሚወድቅ ነገር ሁሉ እሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በጭነት መኪና የሚኖር ከተማ እንዲህ ያለውን ሰው ካልወደደ ማንን ሊወድ ነው? በክፍል አንድ፣ እሳት ከከበበው መንገድ አንድ ቦቴ ከነነዳጁ ተሸክሞ አወጣ። ጠብታ አልፈሰሰም። ደረጀ ያን ጊዜ አልቅሷል። አለቀስኩ ግን አይልም፤ ላብ ዓይኔ ገባ ነው የሚለው።

የእኔ ሌላ ነው። በዚያው ፊልም አንድ ባቡር ድልድይ ላይ ሲደርስ ድልድዩ ይሰነጠቃል። ጫንያለው ሮጦ ትከሻውን ከሥር ያስገባል። ባቡሩ ያልፋል። ሃያ ሁለት ፉርጎ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ አንድ ቃል አይናገርም። አሮጌው ባቡራችን ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ያን ድልድይ ባየሁ ጊዜ ቬንትሌተሩን ለጥቂት ደቂቃ እረሳዋለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እንግዲህ ክፍል ሁለት ወጣ ተባለ። እኔ በክፍል ሁለት ድሮም አላምንም። በጣቢያችን አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ሰውዬው የጠዋቱን ቅጠል ከሰዓት ደግሞ ያፈላዋል፤ ቅጠሉ ሲያልቅበት ስኳር ይጨምራል። የከሰዓቱ ሻይ ከጠዋቱ ይልቅ ይጣፍጥ ነበር፤ ሻይ ግን አልነበረም። የጫንያለው ክፍል ሁለትም ስኳር በዝቶበታል የሚል ወሬ ከፊልሙ ቀድሞ ደረሰን።

ነገሩ እንዲህ ነው። መላኩ አዲስ ፊልም ሲያገኝ መጀመሪያ ሰመራ ሄዶ አንድ ሳምንት ይተረጉማል፤ ከዚያ ፊልሙን በፍላሽ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ሰመራ ላይ ያዩት ሾፌሮች "ጫንያለው ተበላሽቷል፤ ቀልደኛ ሆኗል" እያሉ መንገዱን በሙሉ አዳረሱት። ዲቾቶ ላይ ሁለት ሾፌሮች ጎማ እየቀየሩ በዚህ ነገር ተጣሉ፤ ጎማው ሳይገጠም ቀረ። አዳይቱ ላይ አንዱ ሾፌር ረዳቱን "አንተ ስቀሃል፤ በመስታወት አይቼሃለሁ" ብሎ ከመኪናው አወረደው። አፋምቦ ያለው የያዮ አጎት ፊልም የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ግመል አርቢ ነው። እሱ ደግሞ "ድልድይ የተሸከመ ሰው መቀለድ ከጀመረ ምች መትቶታል ማለት ነው፤ ይታከም" ብሎ ላከ።

ወሬው እንዲህ የፈጠነው በዳጉ ነው። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይቀባበላል፤ ያየውን የሰማውን አንድ በአንድ ይነግራል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንድ ጊዜ የጨመረ ወይም የቀነሰ ሰው ሁለተኛ ጆሮ አያገኝም። ያዮም ፊልሙን ሳያይ ከአዳይቱ ከመጣ ዘመዱ በዳጉ ተቀበለው። እኔ ደግሞ ከያዮ በአጥር ላይ ተቀበልኩ። ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጨረሻው ፍርስራሽ ነገረኝ፤ ጫንያለው በየትኛው ቦታ ምን ብሎ እንደቀለደ ሳይቀር። አርባ አንድ ቀልድ ነው አለኝ። ልብስ አሰጣለሁ ብዬ ወጥቼ ፊልሙ ሲያልቅ ልብሱ በባልዲው ውስጥ ደርቆ ጠበቀኝ።

ሾፌሮቹ ጥፋተኛ ፈለጉ። ጫንያለው ሩቅ ነው፤ መላኩ ቅርብ ነው። ስለዚህ ፊልሙ አዋሽ በሚከፈትበት ቅዳሜ፣ ከላይ በዘረዘርኩት ዓይነት ቆመው ጀመሩት።

"ጫንያለው እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም!" አለ ደረጀ። "እኔ አውቀዋለሁ!"

"ከየት ታውቀዋለህ?" አለ ያዮ ከግድግዳው።

"አንድ ቦቴ ሲሸከም ያየሁትን ሰው አላውቀውም? ባሕርዩ ይታወቃል! ቀልዱን የጨመረበት ይሄ ነው!"

"ወንድሜ፣ እኔ ምን አደረግሁ?" አለ መላኩ። "ሰውዬው ራሱ ነው የሚቀልደው።"

"አንተ ነሃ ያስለመድከው!"

"ቢቀልድስ?" አለ ያዮ። "ሙሉ ከተማ ተሸክሞ መሳቅም ክልክል ነው እንዴ? እናንተ ተሳቢ እየጎተታችሁ ትዘፍኑ የለም?"

"ዘፈን ሌላ፣ ቀልድ ሌላ! እየዘፈንክ መንገዱን ታያለህ። የሚቀልድ ሰው ግን ዞር ብሎ ማን ሳቀልኝ እያለ ነው የሚያየው። እንደዚያ የሚነዳ ሰው ገደል ነው የሚገባው!"

ይህ አነጋገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ገባ።

ሰይድ በዚህ ጊዜ ውጭ የነበረውን እግሩን አስገባ። "ስማ መላኩ" አለ። "ወላሂ፣ ቀልዱ ያንተ ሆኖ ከተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ማይክ አትነካም። ሰው ጫንያለውን ብሎ ነው የሚመጣልኝ፤ ጫንያለው ከረከሰ ቤቱን ልዝጋው።"

መላኩ ማይኩን ይበልጥ አጥብቆ ያዘው። የመላኩን ነገር አዋሽ ሁሉ ያውቀዋል። የመኪና ረዳት ነበር። ዲቾቶ አጠገብ ከጭነት ላይ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ በኋላ መኪና ላይ መውጣት አልቻለም። ሚስቱ ወሯ ገብቷል። የቀረው ድምፁ ነው። ማይኩን ያን ያህል አጥብቆ የያዘው ለዚህ ነበር።

"አጣሪ ይሰየም" አለ ያዮ። "እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ይተርጉም፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ እንደ ዳጉ። እኔ ቀልዱን እቆጥራለሁ። ከሰመራው ካነሰ መላኩ ጨምሯል፤ እኩል ከሆነ ነፃ ነው። አጣሪው ግን ቀልድ የማይወድ ሰው መሆን አለበት።"

ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እንግሊዝኛ ማወቄን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ቀልድ አለመውደዴን ግን ማንም መንገር አላስፈለገውም።

"አይሆንም" አልኩ።

"እትዬ" አለ ደረጀ፣ ድምፁ ወርዶ፤ "ስለ ጫንያለው ይበሉ።"

ስለ መላኩ ቢል ኖሮ ልግደረደር እችል ነበር። ስለ ጫንያለው ሲል ተነሣሁ። መነጽሬን አጠለቅሁ። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ያውም የድሮው አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ደግሞም የሚናገሩት ነገር ከምስሉ ሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ዓይን ያለው ያነበዋል። መላኩ ማይኩን ሰጠኝ።

ማይክ ከያዝኩ ብዙ ዓመቴ ነው። እጅ ግን የለመደውን አይረሳም፤ አፍም እንደዚያው ነው ለካ። ፊልሙ እንደተጀመረ "መንገደኞች ልብ በሉ!" አልኩ።

ሣቁ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ተላተመ። ላርመው አልኩ፤ ጊዜ አልነበረም። ወንጀለኞቹ እየመጡ ነው። "ዋናው ወንጀለኛ ከምዕራብ አቅጣጫ ገብቷል" አልኩ። "አብረውት አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። ሻንጣ የላቸውም።" ሻንጣውን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን የገባን ሰው ያለ ሻንጣው ተናግሬ አላውቅም።

ወንጀለኛው ጫንያለውን "ከተማህን ዛሬ አፈርሳታለሁ" አለው። ጫንያለው መለሰለት፤ እኔም አነበብኩ። "ከምሳ በፊት ነው ከምሳ በኋላ? አለ። ይህ ቀልድ ነው። አንድ።"

እንደ መዝገብ ነበር ያልኩት። ሰዉ ግን በወንበሩ ላይ ተንፈራፈረ። ያዮ በጠመኔ ግድግዳው ላይ አንድ አሰመረና ጮኸ፤ "ይህች ሰመራ ላይ አልነበረችም!"

ወንጀለኛው መኪና አንሥቶ ወረወረ። ጫንያለው ቀለበው። "መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ፣ አለ። ቀልድ ነው። ሁለት።"

የሾፌሩ ወገን በሙሉ ፈነዳ። ደረጀ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን አጋለጠው፤ በሣቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ይህችም አልነበረችም!" አለ ያዮ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፍጥነት ጨመረ። ሰውዬው አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ይቀልዳል፤ ሕንፃ ከፍ አድርጎ ይቀልዳል፣ ሕንፃ ተጭኖት ይቀልዳል። "ቀልድ። ሰባት። ይህ የመጀመሪያው ቀልድ ተመልሶ ነው፤ እሱ እንደ አዲስ ስለቆጠረው እኔም ቆጥሬዋለሁ።" "ቀልድ። አሥራ ሁለት። ስለ ሱሪ ነው። አይረባም።"

"ይተርጎም! ይተርጎም!"

ተረጎምኩት። አይረባም ነበር። ሳቁለት። በሩ ላይ ሰው ተደረደረ፤ ጫታቸውን ጥለው ከጎረቤት የመጡ አሉ። ድምፄ እየሞቀ፣ እጄ እየተወራጨ እንደሄደ ታውቆኛል። "አርባ አንድ!" ብዬ ስጠራ ፊልሙ ገና እኩሌታው ላይ ነበር።

ያዮ ጠመኔውን አወረደ። "ሰይድ፣ አቁመው" አለ። ሰይድ በሪሞት አቆመው፤ ጫንያለው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"መላኩ" አለ ያዮ፣ "ፊልሙ ሳያልቅ የሰመራው ቁጥር ሞላ። አንተ አልጨመርክም። ቀንሰሃል!"

መላኩ አጠገቤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አንገቱን ደፋ። "ምን ላድርግ?" አለ። "ግማሹን ዋጥኩለት። ሁሉንም ብናገርበት ምን ሊባል ነው? ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እንዲሳቅበት አልፈለግሁም።"

ደረጀ ከመተላለፊያው መጥቶ ፊቱ ቆመ። "ለእሱ ብለህ ነው?" አለ። "እኛ እንዲያ ስንሰድብህ ሸፍነህለት ነው?" ይዞ ሳመው። ከዚያ ጉንጩን ጠረገ፤ ላብ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ያዮ ግን ያዮ ነው። "መቀነስም ያው ነው" አለ። "ዳጉ ላይ የቀነሰና የጨመረ አንድ ነው። ሰመራ ያለው ሕዝብ ያላየውን ፊልም አየሁ ብሎ ነው የተጣላው። አጎቴን ሳይቀር አሳስቷል!"

ሰይድ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "ጨምረህ ቢሆን ላባርርህ ነበር" አለ። "ቀንሰህ ሲሆን ምን እንደማደርግህ አላውቅም።"

"እትዬ ይቀጥሉ!" አለ አንዱ ከበሩ። "አዎ፣ እትዬ! ሁልጊዜም እትዬ!" ሾፌሩም የከተማውም ሰው አንድ ሆነ። በሩ ላይ የቆመው ይጨበጭባል፤ ወንበር ይደበደባል።

"እሺ" አለ ሰይድ። "ከዛሬ ጀምሮ ማይኩ የእትዬ ነው።"

ደስ አለኝ። መዋሸት ስለማልወድ ጻፍኩት። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ፤ ቬንትሌተሩም አላበረደልኝም። መላኩን አላየሁትም፤ ላለማየት ብዬ አይደለም አልልም።

ፊልሙ ተለቀቀ። አርባ ሁለት፣ ሃምሳ፣ ስድሳ። ስድሳ ስድስት ላይ ድልድዩ መጣ።

ድልድዩ ያው ድልድይ አይደለም፤ ከፊተኛው ይረዝማል። ባቡሩ ግን ባቡር ነው። ብረቱ ተሰነጠቀ። ጫንያለው ሮጠ። ትከሻውን ከሥር አስገባ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ጭንቅላቱን ቀና አደረገ፤ አፉን ከፈተ፤ ከሥር ተጻፈ። አነበብኩት።

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። "ባቡሩ እያለፈ ነው" አልኩ። ሌላ አልተናገርኩም።

ማንም አልሳቀም። ፉርጎ በፉርጎ አለፈ። ደረጀ ቆቡን አወለቀ፤ ኋላ ያሉት ሾፌሮች አንድ በአንድ ቆሙ። የመጨረሻው ፉርጎ ከድልድዩ ሲወጣ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ፤ ያፏጫሉ፣ ይተቃቀፋሉ። "ይኸው ጫንያለው! ይኸው የኛ ሰው!" ይላል ደረጀ። እኔም ቆሜ ነበር። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም።

ያዮ ብቻ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። "እትዬ" አለ፣ ጩኸቱ ጋብ ሲል፤ "ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል። ምን አለ?"

ምንም አላለም ማለት ይቻል ነበር። ያንን እንግሊዝኛ ያነበበ ሌላ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ከመላኩ በቀር። መላኩ ደግሞ እግሩን እያሻሸ መሬት ነበር የሚያየው። ሰመራ ላይ እሱም ያንኑ ቀልድ ውጦታል፤ ያዮ በአጥር ላይ ሲነግረኝ ድልድዩ ላይ ቀልድ አልነበረም።

"ቀልድ ነው" አልኩ።

"ምን የሚል?"

"አልነግርህም።"

"ታዲያ ቀነሱ!"

"ቀንሻለሁ።"

"ግዴለም እትዬ!" አለ ሰይድ። "ደግ አደረጉ! ይቀጥሉ!"

"ደግ ካደረግሁ እሱም ደግ አድርጓል" አልኩ። "ያዮ፣ ሕጉ ለእኔና ለመላኩ ሁለት ነው?"

ያዮ አሰበ። ያዮን የምወደው ለዚህ ነው፤ ለጎረቤት ብሎ ሕግ አያጣምምም። "አንድ ነው" አለ። "እርስዎም ወርደዋል።"

ይህን ስንባባል ፊልሙን ያቆመ አልነበረም። ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለቱ ወንጀለኞች ጫንያለውን ከበውት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ምን እንደሚሉት የሚያውቅ የለም። ሰዉ በጭንቀት ተነሣ።

"ማን ይተርጉም?" አለ ሰይድ። "የቀነሰ ሁሉ ከወረደ ማን ቀረ?"

"ኧረ መላኩ!" ጮኸ ደረጀ። "ያዝ እንጂ! ሊገድሉት ነው!"

መላኩ ሰይድን አየ። ሰይድ እጁን አወናጨፈ። "ያዝ፣ ያዝ! ማይኩ ያንተ ነው! ምን ትጠብቃለህ?"

ማይኩን በእጁ አስቀመጥኩለት። ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ በበሩ የተደረደረውን ሰው በክርኔ ከፍዬ ወጣሁ።